ከማን ጋር መዋል ነጋዴን ያሳድጋል?

“ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች” የሚለው ተረት ልጆችን ከመጥፎ ባልንጀራ ለማራቅ ሲነገር ኖሯል። ሐሳቡ ዛሬ በአነቃቂ ንግግሮች መድረክ ላይ ሌላ ልብስ ለብሶ መጥቷል። “አንተ ማለት አብዝተህ የምታገኛቸው የአምስት ሰዎች አማካይ ነህ” ይባላል። ሥራ ሊጀምር የተነሣ ወጣት ይህን ሲሰማ የአብሮ አደጎቹን ገቢ በልቡ ማስላት ይጀምራል፤ አንዳንዱም ከእነሱ ርቆ “ትልቅ የሚያስቡ” ሰዎችን ፍለጋ ይወጣል።

አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በአሜሪካዊው ተናጋሪ በጂም ሮን ስም ነው። አምስት የሚለው ቁጥር ከጥናት የተገኘ አይደለም። ነገር ግን ከጀርባው ያለው ጥያቄ ቁም ነገር አለው። የአንድ ነጋዴ ወይም የአንድ ድርጅት መሥራች ባልንጀሮች ቢለወጡ ሥራው አብሮ ይለወጣል? ከተለወጠስ በምን በኩል? የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ይህን በቻይና፣ በህንድ፣ በኬንያ፣ በኢትዮጵያም ጭምር በጥንቃቄ ፈትነውታል። ያገኙት መልስ ከመድረኩ አባባል ጠበብ ያለ ነው፤ ለሚሠራ ሰው ግን እጅግ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ስኬታማ ሰዎች አብረው ሲውሉ እናይ የለ? ሌላ ማስረጃ ለምን ያስፈልጋል?

ችግሩ ሰው ባልንጀራውን መርጦ የሚይዝ መሆኑ ነው። ጎበዝ ነጋዴ ጎበዝ ነጋዴን ይፈልጋል፤ ያተረፈ ሰው ካተረፈ ሰው ጋር ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ባለጸጎች ብናይ፣ አብረው በመዋላቸው ባለጸጋ ሆኑ ወይስ ባለጸጋ ስለሆኑ አብረው ዋሉ የሚለውን ከማየት ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰውን የፔይፓልን ታሪክ እንውሰድ። ይህ የኢንተርኔት ክፍያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ለኢቤይ በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከዚያ የወጡ ሰዎች ዩቲዩብን፣ ሊንክድኢንንና የልፕን መሠረቱ። ታሪኩ የባልንጀርነት ኃይል ማሳያ ተደርጎ ይነገራል። ይሁንና ፔይፓል ሲቀጥር መጀመሪያውኑ የመረጣቸው ብርቱ ሰዎችን ነበር፤ ባይተዋወቁም ኖሮ ጥሩ ቦታ ሊደርሱ የሚችሉ ነበሩ። በሌላ በኩል ደግሞ ትውውቃቸው ምንም አልሠራም ማለት አይቻልም። የዩቲዩብ ሦስቱም መሥራቾች የፔይፓል ሠራተኞች ነበሩ፤ ገንዘብ ባፈሰሰላቸው በሴኮያ ካፒታል ውስጥ ደግሞ ቀድሞ የፔይፓል የፋይናንስ ኃላፊ የነበረው ሩሎፍ ቦታ የተባለው ሰው ይሠራ ነበር። ምርጫውና ትውውቁ እንዲህ ተጠላልፈው ሳለ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ መናገር አይቻልም።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። በአንድ መንገድ ዳር የተደረደሩ ሱቆች ባለቤቶች አብረው ቡና ይጠጣሉ። መንገዱ ለግንባታ ሲቆፈር የሁሉም ገበያ አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ሲጠናቀቅም አብሮ ይነሣል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው አንዱ ሌላውን ያከሰረው ወይም ያበለጸገው ይመስላል።

ታዲያ የባልንጀራ ድርሻ እንዴት ተለየ?

በዕጣ። ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ሰዎቹ ራሳቸው ሳይመርጡ ዕጣ ከወሰነው፣ በኋላ የሚታየው ልዩነት ከመጀመሪያ ብርታታቸው ሳይሆን ከመገናኘታቸው የመጣ ነው ለማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በቻይና ናንቻንግ ከተማ የተጀመረው ሙከራ ከእነዚህ ሁሉ በስፋቱ ጎልቶ ይታያል። ጂንግ ካይና አዳም ሴይድል የተባሉት ተመራማሪዎች 2,820 ገና ወጣት የሆኑ ድርጅቶችን ይዘው ከፊሎቹን በዕጣ በትናንሽ ቡድኖች አቧደኑ። አሥር ያህል ሥራ አስኪያጆች ያሉበት እያንዳንዱ ቡድን ለአንድ ዓመት በየወሩ እየተገናኘ ስለ ሥራው ይወያይ ነበር። የቀሩት ድርጅቶች ስብሰባ አልነበራቸውም። የተሰበሰቡት ድርጅቶች ሽያጭ ካልተሰበሰቡት በ8.1 በመቶ በለጠ። ትርፋቸው፣ የደንበኞቻቸውና የአቅራቢዎቻቸው ብዛት፣ የሚያገኙት ብድርም ጨመረ። ስብሰባው ከቆመ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ ልዩነቱ አልጠፋም ነበር።

8.1 በመቶ ማንንም በአንድ ሌሊት ሚሊየነር አያደርግም። ነገር ግን ማሽን ሳይገዛ፣ ካፒታል ሳይታከል፣ በወር አንድ ጊዜ በመቀመጥ ብቻ የተገኘ ነው። ከተሻሉ ድርጅቶች ጋር ዕጣ የደረሳቸው ይበልጥ አድገዋል። በየወሩ መገናኘትና ለአንድ ጊዜ ብቻ መገናኘት ሲነጻጸሩ ደግሞ ብዙ የንግድ ሽርክና የፈጠረው በየወሩ መገናኘቱ ሆነ። በአንድ ምሽት ሃምሳ የስም ካርድ ሰብስቦ ለሚመለስ ሰው ይህ ቆም ብሎ የሚያስብበት ውጤት ነው።

ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው “መነሳሳት” ብሎ ይመልሳል። በናይሮቢ ዳርቻ ባለችው በዳንዶራ የተደረገው ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል፤ እኔም ለወጣት ነጋዴዎች አንድ ጥናት ብቻ አስረዳ ብባል የምመርጠው እሱን ነው።

ዳንዶራ የከተማው ትልቁ የቆሻሻ መጣያ የሚገኝባት ድሃ ሰፈር ናት። እዚያ በጥቃቅን ንግድ የሚተዳደሩ ወጣት ሴቶች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንደኞቹ መደበኛ የንግድ ትምህርት ወሰዱ። ሁለተኞቹ እዚያው ሰፈር ለዓመታት ከነገደች፣ በዕድሜም በልምድም ከምትበልጣቸው ሴት ጋር ተጣመሩ። ሦስተኞቹ ምንም አልተደረገላቸውም። ክፍል ገብተው የተማሩት ሒሳብ አያያዝን የመሰለ አንዳንድ ልማድ ቢይዙም ትርፋቸው አልጨመረም። ከባለ ልምዷ ጋር የተጣመሩት ግን ትርፋቸው በአማካይ 20 በመቶ አደገ።

ምን ተነገራቸው? ተመራማሪዎቹ ሲመረምሩ ዋናው ምክንያት እቃ የሚረከቡበትን ቦታ መቀየራቸው ሆኖ ተገኘ። ባለ ልምዷ ሴት ማን በርካሽ እንደሚያስረክብ ታውቃለች፤ ይህም በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ላይ አይጻፍም።

ትንሽ የዋጋ ለውጥ ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳድግ በራሳችን ገበያ እናስላው። አንዲት ሴት 100 ኪሎ ሽንኩርት በ60 ብር ተረክባ በ75 ብር ትቸረችራለች እንበል። በኪሎ 15 ብር፣ በጠቅላላው 1,500 ብር ታተርፋለች። ጎረቤቷ “እዚያ ማዶ ያለው አስረካቢ በ57 ይሰጥሻል” ብትላትስ? መሸጫዋን አንድ ሳንቲም ሳትነካ ትርፏ 1,800 ብር ይሆናል። የመግዣው ዋጋ የቀነሰው በ5 በመቶ ብቻ ሲሆን ትርፉ በ20 በመቶ አደገ። ቸርቻሪ የሚኖረው በመግዣና በመሸጫ መካከል ባለችው ቀጭን ልዩነት ስለሆነ አንዲት ትክክለኛ ወሬ ኑሮዋን ትለውጣለች።

የዳንዶራው ታሪክ መጨረሻ ግን ልብ ይሰብራል። ጥንዶቹ መገናኘት ሲተዉ ጥቅሙም እየደበዘዘ ሄደ። ዋጋ ይቀያየራል፣ አስረካቢ ይለዋወጣል፤ ያለፈው ዓመት ወሬ ለዘንድሮ ገበያ አይሆንም።

እኛ ዘንድስ ይህ አዲስ ነገር ነው?

አይደለም። መርካቶ ያደገው በዚሁ መንገድ ነው። ከወሬ በተጨማሪም ባልንጀራ ሌላ ትልቅ ነገር ያቀብላል፤ እሱም እምነት ነው። በንግድ ቋንቋ እምነት ማለት ዛሬ ሰጥቶ ነገ ለመቀበል መድፈር ነው።

እቁብን እንይ። ሃያ ነጋዴዎች በየሳምንቱ አምስት አምስት ሺህ ብር ቢጥሉ በየሳምንቱ ዕጣ የወጣለት ሰው 100,000 ብር ያነሳል። መጀመሪያ የወጣለት ከባልደረቦቹ ያለ ወለድ የተበደረ ያህል ነው፤ መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ ሲያበድር የከረመ ያህል ነው። ቀድሞ ያነሳው ሰው ቢሰወርስ? ለዚህ ነው ገንዘቡን ከመረከቡ በፊት ዋስ የሚጠየቀው። ዋስ የሚሆነውም ሱቁን፣ ቤተሰቡንና የቃሉን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ነው። ባንኩ ቤት ወይም መኪና በመያዣነት በሚጠይቅበት ቦታ እቁብ የሚጠይቀው የሚያውቅህን ሰው ነው። በዋሽንግተንና አካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ባንክ በሞላበት አገር እቁባቸውን ይዘው የቀጠሉት ይህ አሠራር ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ስለሚሰጣቸው ይመስለኛል።

ዱቤም እንደዚሁ ነው። ቸርቻሪው ከጅምላ ነጋዴው እቃ አውርዶ ሸጦ የሚከፍለው በትውውቅ ነው። በእህል ንግድ ላይ ኢኮኖሚስቷ እሌኒ ገብረ መድኅን ያደረጉት ጥናት እንዳሳየው፣ የክፍለ ሀገር ነጋዴዎች ለረጅም ጊዜ ከሚያውቁት የአዲስ አበባ ደላላ ጋር ተጣብቀው ይሠሩ ነበር፤ ደላላው የማይተዋወቁትን ገዢና ሻጭ በራሱ ስም ያገናኛል። እሳቸው በኋላ የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ አንዱ ዓላማም የማይተዋወቁ ሰዎች ደረጃው በተመሰከረለት ምርት ያለ ሥጋት እንዲገበያዩ ማድረግ ነበር። ትውውቅ ምን ያህል ከባድ ሥራ ይሠራ እንደነበር የሚገባን እሱን ለመተካት መጋዘን፣ የጥራት ምርመራና የክፍያ ሥርዓት መገንባት እንዳስፈለገ ስናይ ነው።

ይህ እምነት የሚያጥርበት ቦታም አለ። የሚያውቀው ሰው የሌለው ብርቱ ወጣት ዋስ ስላላገኘ ብቻ ከእቁቡ ውጭ ይቀራል። አጥሩ ውስጥ ላሉት የሚጠብቃቸው፣ ውጭ ላለው የሚዘጋበት ያው አንዱ አጥር ነው፤ ይህን ሳንናገር ስለ ትውውቅ በጎነት ብቻ ማውራት ልክ አይመስለኝም።

የልብ ወዳጅ ይሻላል ወይስ የሩቅ ትውውቅ?

እንደ ሥራው ነው። ለዋስትናና ለብድር የቅርብ ሰው ያስፈልጋል። ለአዲስ ወሬ ግን የሩቁ ይበልጣል።

ይህን በግልጽ ያሳየው የሶሺዮሎጂ ባለሙያው ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው ጥናት ነው። በቦስተን አቅራቢያ በምትገኘው በኒውተን በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን “የነገረህን ሰው በዚያን ጊዜ ምን ያህል ታገኘው ነበር?” ብሎ ጠየቀ። “ዘወትር” ያሉት ከመቶ 17 ያህል ብቻ ነበሩ። 56 ያህሉ “አልፎ አልፎ”፣ 28 ያህሉ ደግሞ “ከስንት አንዴ” አሉ። ምክንያቱ ሲገለጥ ቀላል ነው። የልብ ወዳጆች ከአንድ ምንጭ እንደሚቀዱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የአንዱ እንስራ ውስጥ ያለው ውሃ የሌላውም ውስጥ አለ። አልፎ አልፎ የምናገኘው ሰው ግን ከማናውቀው ምንጭ ቀድቶ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣና ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን የተከታተለ ጥናት ሐሳቡን በመጠኑ አርሞታል። ሥራ ለመቀየር ይበልጥ የረዱት በመጠኑ የላሉ ትውውቆች ነበሩ እንጂ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሰዎች አይደሉም። ሁለቱም ጥናቶች ስለ ቅጥር ናቸው፤ ወሬ የሚጓዝበት መንገድ ግን ለነጋዴም ያው ነው። አንድ መስመር ላይ ያሉ፣ በአንድ ምግብ ቤት ምሳ የሚበሉ፣ ከአንድ አስመጪ የሚረከቡ ጓደኛሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩት ሁሉም የሚያውቀውን ነው። ሐዋሳ የሚነግድ የቀድሞ የክፍል ጓደኛ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢደወልለት ከእነሱ የማይገኝ ነገር ሊናገር ይችላል።

ሰው ያለውን እውቀት ለሌላው ይናገራል?

ሁልጊዜ አይደለም። በናንቻንግ ተመራማሪዎቹ ለአንዳንድ ሥራ አስኪያጆች ብቻ ጠቃሚ መረጃ ሰጥተው ለቡድናቸው ያካፍሉ እንደሆነ ተከታተሉ። በገበያ የማይፎካከሩ ሰዎች ባሉበት ቡድን ወሬው በደንብ ተዳረሰ፤ ተፎካካሪዎች ባሉበት ግን ያን ያህል አልሄደም። ይህ ክፋት አይመስለኝም፤ የራስን እንጀራ መጠበቅ ነው።

የሚተላለፈው ነገርም ወሰን አለው። ማርሴል ፋፍሻምና ሳይመን ኩዊን በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በዛምቢያ የአምራች ድርጅቶች ሥራ አስኪያጆችን ለወጣቶች የንግድ ሐሳብ ውድድር ዳኛ አድርገው በዕጣ አብረው አስቀመጧቸው። ትውውቁ በእርግጥ ተፈጠረ። ቆይቶ ሲታይ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው በግልጽ የተሻገሩት ልማዶች ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ለተጨማሪ እሴት ታክስ መመዝገብና በባንክ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ መክፈት። በዚያን ጊዜ በሦስቱም አገሮች የታክሱ ሕግ እየተለወጠ ስለነበር ሰው የጠየቀው የቸገረውን ነገር ነው ማለት ይቻላል። ለጥቂት ጊዜ አብሮ መቀመጥ የድርጅትን አሠራር ከሥሩ አይቀይርም።

አብሮ መዋል ሊጎዳ ይችላል?

ይችላል። ጉዳቱ ግን ተረቱ እንደሚለው መጥፎ ጠባይ በመማር ብቻ አይደለም። በገጠር ኬንያ ፓሜላ ጃኬላና ኦወን ኦዚየር ባደረጉት ሙከራ ሴቶች ከፊሉን ይዘው ከፊሉን ሊያተርፍም ሊያከስርም በሚችል ዕድል ላይ የሚያውሉት ገንዘብ ተሰጥቷቸው ነበር። ያገኙት ለሰው የሚታይ ሲሆን ትርፋቸውን የሚቀንስባቸውን መንገድ እያወቁ መረጡ፤ ያላቸው እንዳይታወቅ ነው። ዘመድ በቦታው ሲገኝ መደበቁ ይበልጥ በረታ። ተመራማሪዎቹ እንደገመቱት ሴቶቹ ከሚታይ ገቢያቸው 4 በመቶ ያህሉን እንዲያካፍሉ እንደሚገደዱ አድርገው ነው የሚያስቡት። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ የወንድም ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ያልጠየቀው ነጋዴ በእኛም አገር የለም። ይህን መስጠት የሚያኮራ ነገር ነው፤ ንግዱ ከማደጉ በፊት መነሻው ካፒታል ሲበላ ግን ሰጪም ተቀባይም ይከስራሉ።

በተቃራኒው ደግሞ ጉዳት የሚመስል ጥቅም አለ። በሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት በተመደቡበት ክፍል አብረው ይማራሉ። ጆሽ ለርነርና ኡልሪኬ ማልመንዲየር ቀድሞ ድርጅት የመሠረቱ ተማሪዎች በብዛት የደረሱት ክፍል ከምረቃ በኋላ ብዙ መሥራቾች ያፈራ እንደሆነ መረመሩ። የተገኘው ሌላ ነው፤ ከእነዚህ ክፍሎች የወጡት መሥራቾች ያነሱ ነበሩ። ሳይጀመር የቀረው ግን በአብዛኛው የማያዋጣው ሙከራ ነበር። እሳቱን የቀመሱ ጓደኞች ደካማውን ሐሳብ ገና ገንዘብ ሳይፈስበት ያስተዉታል። “በርታ፣ ይሳካልሃል” ከሚሉ አሥር ሰዎች መካከል “ኪራዩን ከየት ትከፍላለህ?” የሚል አንድ ሰው ያለው ወጣት የታደለ ነው።

ማበረታታት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በህንድ አህመዳባድ ከተማ የሴዋ ባንክ ደንበኞች የሆኑ ሴቶች የሁለት ቀን የንግድ ሥልጠና ሲሰጣቸው ከፊሎቹ ጓደኛ ይዘው እንዲመጡ ተጋበዙ። ለውጥ የታየው ከጓደኛ ጋር በሠለጠኑት ላይ ነው፤ ተበድረው በሥራ ላይ አዋሉ፣ የቤተሰባቸው ገቢም ከፍ አለ። ውጤቱ የበረታው ከቤት መውጣታቸውን ባህል በሚገድብባቸው ሴቶች ላይ ነበር። ብቻዋን የማትደፍረውን ነገር ጓደኛዋ አጠገቧ ስትሆን ትደፍራለች።

ታዲያ ማንን መፈለግ ይሻላል?

አብሮ አደግን መተው አያስፈልግም፤ ዋስ የሚሆነው እሱ ነው። ጎደሎውን ማየት ግን ያስፈልጋል። ሥራዬን የሚያውቅ፣ በአንድ ደንበኛ የማልሻማው፣ በየወሩ ሳይሰለች የሚያገኘኝ ሰው አለኝ? ከሰፈሬና ከመስመሬ ውጭ የምደውልለትስ?

መካሪ ሲመረጥ ደግሞ ከዝናው ይልቅ የውስጥ አሠራሩ ይጠየቅ። በህንድ 100 የቴክኖሎጂ ጀማሪ ድርጅቶች መሥራቾች በዕጣ ተጣምረው እንዲመካከሩ ተደርጎ ነበር። ሠራተኞቹን አዘውትሮ ከሚሰበስብ፣ ግብ ከሚያስቀምጥና ስለ ሥራቸው ቶሎ ቶሎ አስተያየት ከሚሰጥ ባልደረባ ምክር ያገኙት፣ ሠራተኞቹን በዘፈቀደ ከሚያስተዳድር ሰው ምክር ካገኙት ይልቅ ከሁለት ዓመት በኋላ ድርጅታቸው በመጠን በ28 በመቶ ይበልጥ ነበር፤ የመዘጋት ዕድላቸውም በ10 የመቶኛ ነጥብ ቀነሰ። ስለዚህ መካሪ ሊሆንህ የሚችለውን ሰው ስታገኝ “እንዴት ሀብታም ሆንክ?” ከማለት በፊት “ሠራተኞችህን መቼ መቼ ትሰበስባለህ? ባለፈው ስብሰባ ምን ወሰናችሁ?” ብለህ ጠይቀው።